ባለሦስት ጫፍ የክፍል መፈተሻ

ባለሦስት ጫፍ የክፍል መፈተሻ ሬዚስተርን፣ ካፓሲተርን፣ ኢንዳክተርን፣ ዳዮድንና ትራንዚስተርን በራሱ ለይቶ መጠናቸውን የሚያሳይ ርካሽ መሣሪያ ነው። መነሻው የማርኩስ ፍሬዬክ ንድፍ ሲሆን፣ ፕሮግራሙን በኋላ ካርል-ሃይንዝ ኩብለር አስፋፍቶታል። ንድፉ ለማንም ክፍት በመሆኑ የቻይና አምራቾች በልዩ ልዩ ስም እየሠሩ ይሸጡታል።

የተለመደው ዓይነት ኤቲሜጋ328 በተባለ ማይክሮኮንትሮለር ይሠራል። ለእያንዳንዱ ጫፍ ባለ680 ኦምና ባለ470 ኪሎ ኦም ሬዚስተሮች ተመድበዋል። መሣሪያው በእነዚህ በኩል ጫፎቹን በየተራ ከ5 ቮልትና ከግራውንድ ጋር እያገናኘ ቮልቴጁን ያነባል። ያልታወቀ ሬዚስተር ከታወቀው ጋር ቮልቴጁን ከሚካፈልበት መጠን ይሰላል፤ የካፓሲተር መጠን ደግሞ ከሚሞላበት ፍጥነት። ባለ1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር በ470 ኪሎ ኦም በኩል 63 በመቶ ለመሙላት 0.47 ሰከንድ ይፈጅበታል። ስለዚህ ንባቡ የሚታመነው እነዚያ ሬዚስተሮች በሚታመኑበት ልክ ብቻ ነው፤ አምራቹ በእነሱ ላይ ከቆጠበ ስክሪኑ የሚደረድረው አሃዝ ለጌጥ ነው።

ለጥገና ሠራተኛ ትልቁ ጥቅሙ የካፓሲተርን ውስጣዊ ሬዚስታንስ ማሳየቱ ነው። ያረጀ የፓወር ሰፕላይ ካፓሲተር በተራ መልቲሜትር ማይክሮፋራዱ ደህና መስሎ ሊታይ ይችላል፣ የውስጥ ሬዚስታንሱ ግን ንሮ ዕቃውን አላስነሣ ይላል። ጥቂት ፒኮፋራድ ብቻ ላላቸው ካፓሲተሮች ግን መሣሪያው አይመከርም። ከቦርድ ያልተነቀለ ክፍልም ከጎረቤቶቹ ጋር ተደምሮ ስለሚነበብ ያሳስታል። ካፓሲተር ከመሰካቱ በፊት የያዘውን ቻርጅ ማራገፍ ግድ ነው፤ አለዚያ ማይክሮኮንትሮለሩ በቅጽበት ሊቃጠል ይችላል።