ሸክሙን ማን ይያዝ? የጀርመንኛ ቅጽል ታሪክ

በጀርመንኛ «ጥሩ» ማለት «ጉት» ነው። ቃሉ ከስም ፊት ሲቆም ግን መልኩ ይለዋወጣል። «ጥሩ ወይን» «ጉተር ቫይን» ሲባል፣ «ጥሩው ወይን» «ዴር ጉተ ቫይን» ይሆናል። «በጥሩ ወይን» «ሚት ጉተም ቫይን» ነው፤ «በጥሩው ወይን» ደግሞ «ሚት ዴም ጉተን ቫይን»። ጀማሪ ተማሪ ሰንጠረዡን ሲያይ ዝብርቅርቁ የወጣ ይመስለዋል። የኋላ ታሪኩን ለተከተለ ግን ሥርዓቱ ግልጽ ነው።

ጀርመንኛ፣ እንግሊዝኛና ስዊድንኛ ሳይለያዩ በፊት የጋራ እናታቸው ለቅጽል ሁለት ዓይነት ርባታ ነበራት። አንደኛው ቅጥያዎቹን ከአመልካች ተውላጠ ስም የወሰደ ነው፤ «ዴም» እና «ጉተም» ሁለቱም በ«ም» የሚያልቁት ለዚህ ነው። ሁለተኛው በ«ን» የሚረባ ሲሆን አስቀድሞ ለታወቀ ነገር ያገለግል ነበር። ኤጲስ ቆጶስ ዉልፊላ በ4ኛው ክፍለ ዘመን የዚሁ ቤተሰብ ጥንታዊ ቋንቋ ወደሆነው ጎትኛ በተረጎመው መጽሐፍ ቅዱስ ሁለቱም ይገኛሉ። በተረት ስብስቡ የሚታወቀው ያኮብ ግሪም እ.ኤ.አ. በ1819 ማሳተም በጀመረው የሰዋስው መጽሐፉ የመጀመሪያውን «ጠንካራ»፣ ሁለተኛውን «ደካማ» ብሎ ሰየማቸው።

ከ11ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ ነገሩ ተለወጠ። በቃል መጨረሻ ላይ ጥርት ብለው ይሰሙ የነበሩት «ኦ»፣ «ኣ» እና «ኡ» ደክመው ወደ አንድ ለስላሳ «ኧ» ተጠቃለሉ። ቅጥያው ሲደክም ከፊት የቆመው አርቲክል (እንደ «ዴር» ያለው ቃል) የስሙን ጾታና ሙያ፣ ማለትም በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ያለውን ድርሻ፣ የማሳየት ሸክም በዛበት። ቀስ በቀስም «ነገሩ የታወቀ ነው ወይስ አይደለም?» የሚለው ጥያቄ ቦታውን «ሙያውን ያሳየ ሌላ ቃል አለ?» ለሚለው ለቀቀ። «አንድ ጥሩ ወይን» ለማለት «አይን ጉተር ቫይን» የሚባለውም «አይን» ባዶውን ስለቆመ ነው።

ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ይኸው አካሄድ ሌላ ቦታም ገባ። «በደስተኛ መንፈስ» ለማለት «ጉተስ ሙተስ» ይባል የነበረው «ጉተን ሙተስ» ሆነ። ስሙ ራሱ ሙያውን የሚያሳየውን «ስ» ስለያዘ ቅጽሉ አረፈ።

ለአማርኛ ተናጋሪ ይህ እንግዳ አይደለም። «ቤቱን ገዛ» የሚል ሰው ቅጽል ሲጨምር «ትልቁን ቤት ገዛ» ይላል፤ ቅጥያዎቹ ወደ ቅጽሉ ይሻገራሉ፣ «ቤት» ባዶውን ይቀራል። እናም ጀርመንኛ የምትማሩ ሁሉ፣ ሰንጠረዡን ከመሸምደዳችሁ በፊት ከቅጽሉ ፊት ያለውን ቃል ተመልከቱ። እሱ ሙያውን ካሳየ ቅጽሉ «ጉተ» ወይም «ጉተን» ብቻ ነው።