መስከረም 26

ስሙኝማ! ተረት ቢሆን ኖሮ እኔ «ተረት ተረት»፣ እናንተ «የላም በረት» ብለን እንጀምር ነበር። ይሄ ግን በእውን የሆነ ነገር ነው፤ በአንዲት ቀን ሦስት ጊዜ የሆነ።

መስከረም 26ን ታውቋታላችሁ። ዘመነ ጽጌ የሚገባባት ቀን ናት። እመቤታችን ልጇን አዝላ ከሄሮድስ ሸሽታ ወደ ግብፅ መሰደዷ የሚታሰብበት ወቅት ነው። የዛሬው ወሬዬም የዚያው መንገድ ወሬ ነው፤ በግብፅና በኢየሩሳሌም መካከል ያለው።

የመጀመሪያዋ መስከረም 26 የ1966ቷ ናት። አይሁዶቹ ዮም ኪፑርን፣ ሙስሊሞቹ ረመዳንን ይዘዋል። ጾመኛ ከጾመኛ ተገናኘ። የግብፅ ጦር የስዊዝን ቦይ ተሻግሮ፣ እስራኤል በ1959 ሰኔ ወደያዘችው ሲና ገባ። በዚያው ቀን ከወደቁት የግብፅ አብራሪዎች አንዱ አቲፍ ሳዳት ይባላል። የፕሬዚዳንቱ የአንዋር ሳዳት ታናሽ ወንድም ነው።

እንግዲህ ወንድሙን የቀበረውን ሰው ልብ በሉት። ከአራት ዓመት በኋላ፣ ጥቅምት 30 ቀን 1970፣ ካይሮ በሚገኘው ምክር ቤት ቆሞ ሲናገር፣ ለሰላም ሲባል እስከ ዓለም ዳር፣ እስራኤላውያኑ ቤት፣ ምክር ቤታቸው ክኔሴት ድረስ እንኳ እሄዳለሁ አለ። አዳራሹ አጨበጨበ። የፍልስጤማውያኑ መሪ ያሲር አራፋትም እዚያው ተቀምጦ ይሰማ ነበር። ብዙው ሰው የንግግር ማጣፈጫ መስሎታል። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ እስማኤል ፋህሚ ግን የምሩን መሆኑ ሲገባው ሥልጣኑን ለቀቀ።

በእስራኤልም ወገን ነገሩ ቀላል አልነበረም። ጠቅላይ ሚኒስትሩ መናኽም ቤጊን ና ብሎ ጋበዘ፤ የጦሩ ኤታማዦር ሹም ሞርደካይ ጉር ደግሞ ይሄ ማዘናጊያ እንዳይሆን ብሎ በጋዜጣ አስጠነቀቀ። አይፈረድበትም፤ እባብ ያየ በልጥ በረየ።

ኅዳር 10 ቅዳሜ ማታ፣ ቁስቋም ባለፈ በአራተኛው ቀን፣ ሰንበታቸው ከወጣ በኋላ የሳዳት አውሮፕላን እስራኤል ውስጥ ሎድ አረፈ። ከአንድ ሰዓት ያነሰ በረራ ነው። እዚያ ለመድረስ ግን ሠላሳ ዓመት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ዘመንና አራት ትልልቅ ጦርነት አልፏል። በሩ ተከፈተ። ከታች ቤጊን፣ ሞሼ ዳያን፣ ጎልዳ ሜየር፣ አሪኤል ሻሮን ተሰልፈው ቆመዋል። ሻሮን በ1966ቱ ጦርነት ቦዩን ተሻግሮ በግብፅ ጦር ጀርባ የዞረ ጄኔራል ነው። ሳዳት አጠገቡ ሲደርስ፣ ያኔ እዚያ ማዶ ሊይዘው ፈልጎ እንደነበር ነግሮት ቀለደ። ቴሌቪዥን ፊት የተቀመጠ እስራኤላዊ ይሄን ሲያይ ምን እንደተሰማው አስቡት! ያ ሁሉ ዘመን ጠላቱ የሚሥቅ አይመስለውም ነበር።

ማግስቱ የዒድ አል-አድሃ በዓል ነበርና ሳዳት በአል-አቅሳ ሰገደ። የጎልጎታን ቤተ ክርስቲያንም ጎበኘ። (እዚህ ላይ ከመንገዴ ትንሽ ልውጣ፦ እዚያ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ የእኛ መነኮሳት የሚኖሩበት ዴር ሱልጣን አለ። ከግብፅ ኮፕቶች ጋር ያለው የይዞታ ክርክር ያኔም ነበር፣ ዛሬም አለ። ኢየሩሳሌም ውስጥ አንድን በር የእኔ ነው የማይል የለም።) ከዚያ ክኔሴት ገብቶ በ1959 የተያዘው መሬት በሙሉ ይመለስ፣ ፍልስጤማውያንም አገር ይኑራቸው አለ። ቤጊን በትሕትና መለሰ፤ መሬት ግን አልለቀቀም። በዚያ ቀን የተፈታ ነገር ቢኖር ፍርሃት ብቻ ነው። እኔ እንደሚመስለኝ እሱም ትንሽ አልነበረም።

ውሉ የመጣው በካምፕ ዴቪድ ነው። ሳዳትና ቤጊን ነሐሴ 30 ገብተው መስከረም 7 ቀን 1971 ወጡ። እኛ እንቁጣጣሽ ስንል እነሱ ሜሪላንድ ጫካ ውስጥ ተኳርፈው፣ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር ከአንዱ ጎጆ ወደ ሌላው ይመላለስ ነበር። ሳዳት አንድ ጊዜ ሻንጣውን አሰናዳ፤ ካርተር ለምኖ አስቀረው። በመጨረሻው ቀን ደግሞ ስለ ኢየሩሳሌም በተጻፈ ደብዳቤ የተነሳ ቤጊን እምቢ አለ። ካርተር ቤጊን ለልጅ ልጆቹ የጠየቀውን ፎቶግራፍ ይዞ ሄደ፤ በእያንዳንዱ ላይ የልጁን ስም ጽፎበታል። ሽማግሌው ስሞቹን አንድ በአንድ ድምፁን አውጥቶ አነበበ፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ሰነዱ በዚያው ዕለት ተፈረመ።

ሰነዱ ሁለት ነበር፤ ቁም ነገሩም እዚህ ላይ ነው። አንደኛው የግብፅ ነው፦ መጋቢት 17 ቀን 1971 የሰላም ውል ሆነ፤ ሚያዝያ 17 ቀን 1974 የመጨረሻው የእስራኤል ወታደር ሲናን ለቆ ወጣ። በክርክር የቀረችው ትንሿ የሲና ጠረፍ ታባም በ1981 ተመለሰች። ሁለተኛው የፍልስጤማውያን ነው፦ በዌስት ባንክና በጋዛ አምስት ዓመት ራስን ማስተዳደር፣ ከዚያ የመጨረሻ ድርድር። ፍልስጤማውያን ግን ሲጻፍ አልነበሩም። በእኛ ሽምግልና ባለጉዳዩ ሳይቀርብ ዕርቅ አይቆረጥም፤ ቢቆረጥም አይጸናም። የዓረብ ሊግም ግብፅን አግዶ ጽሕፈት ቤቱን ወደ ቱኒስ አዛወረ።

ሁለተኛዋ መስከረም 26 የ1974ቷ ናት። ቦዩ የተሻገረበት ቀን በሰልፍ ሲከበር፣ ከሰልፉ መኪና የወረዱ ወታደሮች ሳዳትን ገደሉት። ቀብሩ ቅዳሜ ዋለ። ቤጊን ሰንበቱን ላለመሻር በእግሩ ሄዶ ቀበረው። በ1986 መስከረም በኦስሎ ስምምነት ከአራፋት ጋር እጅ የተጨባበጠው የእስራኤሉ ጠቅላይ ሚኒስትር ይስሐቅ ራቢንም በ1988 በአይሁዳዊ ጥይት ወደቀ። ሁለቱንም የገደላቸው የገዛ ወገናቸው ነው።

ሦስተኛዋን አይታችኋታል፤ የ2016ቷ ናት። ሐማስ ከጋዛ አጥሩን ጥሶ ወጣ፤ በእስራኤል 1,200 ያህል ሰው ተገደለ፤ ቀጥሎ በመጣው ጦርነት ጋዛ ውስጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሞቱ። ያ ሁሉ ሲሆን አንደኛው ሰነድ አልፈረሰም፤ ግብፅና እስራኤል ወደ ጦርነት አልገቡም።

ሁለተኛው ሰነድ የቀጠረው አምስት ዓመት መቆጠር ሳይጀምር ቀረ። ኦስሎ ሌላ አምስት ዓመት ቀጠረ፤ እሱ ሚያዝያ 26 ቀን 1991 አለቀ፤ የመጨረሻው ውል እስካሁን አልተፈረመም።