አቦል በሰማይ፣ ዳሎል በምድር

በታኅሣሥ ወር ከምሽቱ 3 ሰዓት ግድም፣ በኮልፌ 18 ማዞሪያ የታክሲ ረዳቶች ጥሪ ገና ሳይበርድ፣ የሱቁና የመንገዱ መብራት እንደ ደመቀ፣ ፊቱን ወደ ሰሜን አዙሮ ቀና የሚል መንገደኛ ቢኖር ዓይኑ ከእንጦጦ ሰንሰለት በላይ ከፍ ብሎ በሚገኝ አንድ የሰማይ ክፍል ላይ ያርፋል። በዚያ ሰዓት በዚያ የሰማይ ክፍል ኢትዮጵያዊ ስም የወጣላት ኮከብ ታልፋለች። ስሟ «ቡና» ነው። በዙሪያዋም «አቦል» የተባለ ፕላኔት ይዞራል። ይሁን እንጂ ከማዞሪያው ቆሞ የሚያያት የለም። ብርሃኗ ያለ መሣሪያ ለሚመለከት የሰው ዓይን እጅግ ደካማ ነው፤ ጨለማ በሆነ ገጠር እንኳ ቢያንስ የሩቅ ማሳያ መነጽር ያሻል።

አንድ ሕዝብ በዓይኑ ላላየው ዓለም ስም ሰጠ። እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ በዚያ ዓለም ሕይወት ሊኖር ይችላልን? ባይችልስ ስሙ ለሰየመው ሕዝብ ምን ይጠቅመዋል? ለዚህ መልስ ለማግኘት የኢትዮጵያንና የሰማይን የቆየ ግንኙነት መመርመር፣ ከዚያም ከሰማይ ወርዶ እስከ አፋር ዝቅተኛ ምድር መዝለቅ ያስፈልጋል።

የቀደሙት ሊቃውንት ሰማይ

በዚህች አገር ሰማይን መመርመር የተጀመረው ቴሌስኮፕ በመጣ ጊዜ አይደለም። ሙሉው መጽሐፈ ሄኖክ ተጠብቆ የቆየው በግእዝ ቋንቋ ብቻ መሆኑ የታወቀ ነው። በዚህ መጽሐፍ ከምዕራፍ 72 እስከ 82 ያለው ክፍል ስለ ሰማይ ብርሃናት ይናገራል። ፀሐይ የምትወጣባቸውን ስድስት የምሥራቅ በሮችና የምትገባባቸውን ስድስት የምዕራብ በሮች ይዘረዝራል፤ የዓመቱንም ርዝመት 364 ቀን አድርጎ ይቆጥራል። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1773 ሦስት ቅጂዎች ወደ አውሮፓ ይዞ ሄደ፤ እ.ኤ.አ. በ1821 ሪቻርድ ሎረንስ ወደ እንግሊዝኛ መለሰው። በ20ኛው መቶ ዓመት ከቁምራን ዋሻዎች የተገኙት የአረማይክ ቁርጥራጮችም የመጽሐፉን ጥንታዊነት አረጋገጡ።

ከዚህ ጎን ለጎን የባሕረ ሐሳብ መምህራን ፀሐይንና ጨረቃን እያመሳከሩ፣ አበቅቴንና መጥቅዕን እያሰሉ፣ የአጽዋማትንና የበዓላትን ቀን ለየዓመቱ ሲያወጡ ኖረዋል። ይህ ከትውልድ ወደ ትውልድ በቃል የተላለፈ የሒሳብ ሀብት ነው። ነገር ግን ያ ዕውቀት የሚጠይቀው «መቼ?» ብሎ ነበር። ብርሃናቱ የጊዜ መቁጠሪያ እንጂ እግር የሚረግጣቸው፣ ነፋስ የሚነፍስባቸው ሥፍራዎች ሆነው አልታሰቡም። «እዚያስ ማን አለ?» የሚለው ጥያቄ ሌላ ዘመን ይጠብቅ ነበር።

ጥያቄው በአውሮፓም በቀላሉ አልተነሣም። ጣሊያናዊው ጆርዳኖ ብሩኖ እ.ኤ.አ. በ1600 በሮም አደባባይ በእሳት ሲቃጠል ከቀረቡበት ብዙ ክሶች አንዱ ዓለማት ስፍር ቁጥር የላቸውም የሚለው ትምህርቱ ነበር። ከ10 ዓመት በኋላ ጋሊሌዮ በቴሌስኮፕ ተመልክቶ በጁፒተር ዙሪያ የሚዞሩ አራት ጨረቃዎችን ለዓለም አሳወቀ። ሰማያዊ አካል ሁሉ በምድር ዙሪያ ይዞራል የሚለው አሳብ በዓይን በሚታይ ማስረጃ ተናጋ።

በሰንሰለት የታሰረችው ልዕልት

በሌላ በኩል ኢትዮጵያ የሚለው ስም ራሱ በግሪኮች አፈ ታሪክ አማካይነት ከጥንት ጀምሮ ከሰማይ ጋር ተያይዟል። በዚያ አፈ ታሪክ ኬፌውስ የኢትዮጵያ ንጉሥ፣ ካሲዮፔያ ንግሥት፣ አንድሮሜዳ ልጃቸው ናቸው። በእናቷ ትዕቢት ምክንያት ልጅቱ ከባሕር ዳር ዐለት ጋር በሰንሰለት ታስራ ለባሕር አውሬ ትሰጣለች፤ ፐርሴውስ የተባለ ጀግና ያድናታል። በ2ኛው መቶ ዓመት የነበረው የእስክንድርያው ሊቅ በጥሊሞስ ከመዘገባቸው 48 የከዋክብት ስብስቦች መካከል አራቱ የእነዚህን ሰዎች ስም ይዘዋል። እርግጥ ግሪኮች «ኢትዮጵያ» ሲሉ የዛሬዋን አገር ወሰን ማለታቸው አልነበረም፤ ከግብፅ በስተ ደቡብ ያለውን ሰፊ ምድርና ጥቁር ሕዝቡን በጅምላ ይጠሩበት ነበር። ያም ሆነ ይህ ስሙን ያወጡት፣ ታሪኩን የተረኩት፣ ልጅቱንም በሰንሰለት ያሰሯት ሌሎች ነበሩ።

የታሪክ መገጣጠም አስደናቂ ነው። ኢትዮጵያውያን ስም ያወጡላት ኮከብ የምትገኘው በዚያው በአንድሮሜዳ የከዋክብት ስብስብ ውስጥ ነው።

ከኤችዲ 16175 ወደ ቡና

ከፀሐያችን ሥርዓት ውጭ ፕላኔት መኖሩ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ግምት ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1992 አሌክሳንደር ቮልሽቻንና ዴል ፍሬይል በአንድ የሞተ ኮከብ ቅሪት ዙሪያ የሚዞሩ ፕላኔቶችን አገኙ። እ.ኤ.አ. በ1995 ደግሞ የስዊዘርላንድ ተመራማሪዎች ሚሼል ማዮርና ዲዲዬ ኬሎ ፀሐይን በሚመስል ኮከብ ዙሪያ በአራት ቀን ከጥቂት ሰዓት አንድ ዙር የሚጨርስ ግዙፍ ፕላኔት ማግኘታቸውን አስታወቁ፤ ለዚህም ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ2019 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተጋሩ። መኖራቸው የተረጋገጠ እንዲህ ያሉ ፕላኔቶች ቁጥር እ.ኤ.አ. በ2025 ከ6000 አልፏል።

አብዛኞቹ ፕላኔቶች የተገኙት በቀጥታ በመታየት አይደለም። በክር የታሰረ ድንጋይ የሚያሽከረክር ልጅ ራሱም ጥቂት እንደሚወዛወዝ ሁሉ፣ ፕላኔት የሚዞረው ኮከብም በስበት ኃይል ወዲያና ወዲህ ይላል፤ ጠቢባን ይህን ውዝዋዜ ከኮከቡ ብርሃን ያነባሉ። ሌላው ዘዴ በፋኖስ ፊት ትንኝ ስታልፍ ብርሃኑ በጥቂቱ እንደሚቀንስ፣ ፕላኔቱ በኮከቡ ፊት ሲያልፍ የሚቀንሰውን ብርሃን መለካት ነው።

ኤችዲ 16175 በሚል ቁጥር ብቻ ትታወቅ የነበረችው ኮከብ ፕላኔት እንዳላት የታወቀው በመጀመሪያው ዘዴ ሲሆን፣ ግኝቱ በካሊፎርኒያ ከሚገኘው የሊክ ኦብዘርቫቶሪ ምልከታ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ2009 ይፋ ሆነ። ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1919 የተቋቋመበትን 100ኛ ዓመት ሲያከብር፣ አገሮች ለየአንዳንድ ኮከብና ፕላኔት ስም እንዲያወጡ ጋበዘ። 112 አገሮች ስም አወጡ። ታኅሣሥ 7 ቀን 2012 ዓ.ም. ስሞቹ ሲታወጁ ለኢትዮጵያ የደረሰችው ኮከብ «ቡና»፣ ፕላኔቷም «አቦል» ተባሉ። ከሦስት ቀን በኋላ፣ ታኅሣሥ 10፣ የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ሳተላይት ከቻይና ምድር መጠቀች።

ስሙ የነገሥታት ወይም የጦር ሜዳ ስም አለመሆኑን ልብ ይሏል። ጎረቤት ጎረቤቱን ጠርቶ፣ ረከቦቱ ዙሪያ ተቀምጦ፣ ደስታውንና ኀዘኑን የሚካፈልበት ወግ ስም ነው። አቦል የመጀመሪያው ስኒ ነው፤ የሰው ልጅ ጥሪና አብሮነት ምልክት ነው።

አቦል ላይ የሚጠራ ጎረቤት አለን?

ስሙ እንዲህ ሞቅ ያለ ይሁን እንጂ የፕላኔቱ ጠባይ ለኑሮ የሚያመች አይደለም። የአቦል ክብደት ቢያንስ የጁፒተርን ከአራት እጥፍ በላይ ይሆናል። ይህን የሚያህል ፕላኔት በጋዝ የተሞላ ስለሆነ እግር የሚቆምበት ደረቅ ምድር፣ ውኃ የሚቋጠርበት ባሕር አይኖረውም። አንድ ዙር ለመጨረስ ሁለት ዓመት ከስምንት ወር ያህል ይፈጅበታል። ምሕዋሩም እጅግ የተለጠጠ ነው፤ ከኮከቧ በጣም በሚርቅበትና በጣም በሚቀርብበት ጊዜ ያለው ርቀት አራት እጥፍና ከዚያም በላይ ይለያያል። እሳቱ አጠገብ ደርሶ ወዲያው ወደ ቁር ይመለሳል። ኮከቧም ብትሆን የጉልምስና ዕድሜዋን እየጨረሰች ያለች ናት። ግዙፍ ፕላኔቶች ሕይወት ሊያስጠጉ የሚችሉ ጨረቃዎች ይኖሯቸው ይሆናል የሚል አሳብ አለ፤ ከፀሐያችን ሥርዓት ውጭ ግን እስካሁን መኖሩ የተረጋገጠ አንድም ጨረቃ የለም።

ርቀቱም የዋዛ አይደለም። ብርሃን ከዚያ እስከዚህ ለመድረስ 200 ዓመት ግድም ይወስድበታል። ዛሬ በኮልፌ ሰማይ የሚያልፈው የቡና ብርሃን ከኮከቧ የተነሣው በዘመነ መሳፍንት፣ የኋላው ዐፄ ቴዎድሮስ ገና ብላቴና ሳሉ ነው።

እንግዲህ ሕይወት የት ይፈለግ? ጠቢባን በመጀመሪያ የሚመለከቱት ፕላኔቱ ከኮከቡ ያለውን ርቀት ነው። በጣም ከቀረበ ውኃው ይተናል፤ በጣም ከራቀ ይረጋል፤ በመካከሉ ውኃ ፈሳሽ ሆኖ የሚቆይበት ቀጠና አለ። ትራፒስት-1 የተባለች ትንሽ ኮከብ 40 የብርሃን ዓመት ያህል ርቃ የምትገኝ ሲሆን፣ ምድርን የሚያህሉ ሰባት ፕላኔቶች እንዳሏት እ.ኤ.አ. በ2017 ታወቀ። ጥቂቶቹ በዚያ ቀጠና ውስጥ ይዞራሉ። ይሁን እንጂ የጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ እ.ኤ.አ. በ2023 ለኮከቧ የሚቀርበውን ፕላኔት ሲመረምር ይህ ነው የሚባል ከባቢ አየር አላገኘበትም።

በስሙ ውስጥ የማዞሪያውን ቁጥር በአጋጣሚ የያዘው ኬ2-18ቢ ደግሞ 124 የብርሃን ዓመት ርቆ ይገኛል። በከባቢ አየሩ ሚቴንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ መኖራቸው እ.ኤ.አ. በ2023 ተገለጸ። በ2025 የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ በምድር ላይ በባሕር ውስጥ ረቂቅ ፍጥረታት የሚመረት ጋዝ ምልክት አይተናል አሉ። ዜናው ዓለምን አዳረሰ። ሌሎች ተመራማሪዎች ያንኑ መረጃ እንደገና መርምረው ማስረጃው ድምዳሜውን አይሸከምም ሲሉ ተቃወሙ። ክርክሩ የሳይንስ ድካም ሳይሆን የጥንካሬው ምልክት ነው፤ ምኞት ማስረጃን እንዳይቀድም የሚጠብቀው እንዲህ ያለው ክርክር ነውና።

የዳሎል ትምህርት

ለዚህ ክርክር ሚዛን የሚሆን ሥፍራ የሚገኘው በኢትዮጵያ ምድር ነው። በአፋር፣ በደናክል ዝቅተኛ ሥፍራ፣ ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ የሚገኘው ዳሎል ከምድር ውስጥ በሚወጣ ሙቀት የሚፈላ፣ በጨው የተሞላ፣ አሲድነቱ ወደር የማይገኝለት ሥፍራ ነው። ቢጫው፣ አረንጓዴውና ቀዩ ኩሬ ለሠዓሊ ዓይን ድግስ ነው። ለሥነ ሕይወት ተመራማሪ ግን የፈተና ሜዳ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2019 በጥቂት ወራት ልዩነት ሁለት ጥናቶች ታተሙ። የመጀመሪያው በዳሎል እጅግ ደቃቅ የሆኑ ሕያዋን ሕዋሳት ምልክት ተገኝቷል አለ። ሁለተኛው፣ ፑሪፊካሲዮን ሎፔዝ-ጋርሲያ የተሳተፉበት ቡድን ጥናት፣ ከዚህ ተቃራኒ መልስ ሰጠ፤ በአካባቢው ባሉ አሲዳቸው ባልበረታ ጨዋማ ውኃዎች ረቂቅ ሕዋሳት በብዛት ቢገኙም፣ ከባዱ አሲድና ከባዱ ጨው በተገናኙባቸው ወይም ማግኒዚየም በበዛባቸው ኩሬዎች ውስጥ ግን ሕይወት የለም አለ። ከዚህም ሌላ ሕይወት የሌላቸው የማዕድን ቅንጣቶች በማጉያ መሣሪያ ሲታዩ ሕዋስ ሊመስሉ እንደሚችሉ አስጠነቀቀ።

ይህ ትልቅ ትምህርት ነው። ዳሎል ውኃ አለው፤ ሙቀት አለው፤ ማዕድን አለው። የሚገኘውም ሕይወት በሞላባት ምድር ላይ ነው፤ ነፋሱም የጎብኚውም እግር ዘወትር ሕዋሳትን ያመጡለታል። ይህ ሁሉ ተሟልቶለት እንኳ በአንዳንዱ ኩሬው ሕይወት መኖሯ ካልተረጋገጠ፣ በሩቅ ፕላኔት ላይ ውኃ ሊኖር ይችላል ብሎ ሕይወት አለ ማለት ችኮላ ይሆናል። ተመራማሪው በእጁ በቀዳው ውኃ ላይ እንዲህ ከተከራከረ፣ ከ124 የብርሃን ዓመት በመጣ ጭላንጭል ላይ ምን ያህል ሊጠነቀቅ ይገባው!

ሁለተኛው ስኒ

ስም ማውጣት ኩራት ነው። ነገር ግን ስም ብቻውን ዕውቀት አይሆንም። ቡናን የለኩት፣ አቦልን ያገኙት፣ የዳሎልንም ኩሬ በአብዛኛው የመረመሩት ከውጭ የመጡ መሣሪያዎችና ጠቢባን ናቸው። ይህን መናገር ራስን ማሳነስ አይደለም፤ የጉዞውን ርቀት በትክክል መለካት ነው።

ጉዞውም ተጀምሯል። በ1996 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ ተመሠረተ። በ2007 ዓ.ም. በእንጦጦ ተራራ፣ በ3200 ሜትር ከፍታ ላይ፣ እያንዳንዳቸው የአንድ ሜትር መስተዋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች የያዘ ማዕከል ተከፈተ። ይሁን እንጂ ከተማዋ በሰፋች ቁጥር ብርሃኗ ወደ ሰማይ እየፈሰሰ የከዋክብቱን ጭላንጭል ይሸፍናል። ከኮልፌ እስከ ቦሌ የበራው መብራት ማታ ከሥራ ለሚመለስ ሠራተኛ ደኅንነቱ ነውና ይጥፋ የሚል አይኖርም። ሆኖም መብራት መንገዱን እንጂ ሰማይን እንዳያበራ ክዳን ማበጀት፣ አቅጣጫውን ወደ መሬት ማዞር በከተማ ፕላን ሊታሰብ የሚችል ጉዳይ ነው።

በ18 ማዞሪያ አካባቢ መብራት ድንገት በሚጠፋበት ምሽት ሕፃናት ደጅ ይወጣሉ፤ ለጥቂት ደቂቃም ሰማዩ በከዋክብት ተሞልቶ ይታያል። በዚያች ቅጽበት አንድ ልጅ «እዚያ ሰው ይኖራል?» ብሎ ቢጠይቅ መልሱ «አይታወቅም» የሚል ብቻ ሆኖ መቅረት የለበትም። ውዝዋዜው እንዴት እንደሚለካ፣ ውኃ ለምን ብቻውን እንደማይበቃ፣ ዳሎል ምን እንደሚያስተምር የሚያስረዳ መምህር ያስፈልገዋል። የሄኖክን በሮችና የአንድሮሜዳን ሰንሰለት ከዛሬው ዕውቀት ጋር አገናኝቶ የሚተርክ ደራሲ፣ የዳሎልን ቀለም ከነጥያቄው የሚያሳይ ሠዓሊም ያስፈልገዋል።

በቡና ወግ አቦል ጠጥቶ የሚነሣ እንግዳ ወጉን አጉድሎ ይሄዳል። ቶናው ይጠበቃል፤ በረካውም ይጠበቃል። ኢትዮጵያ በሰማይ ላይ አቦሏን ቀድታለች፤ ቶናው የሚቀዳው በየትምህርት ቤቱ ነው።