የአሠልጣኝነት የምስክር ወረቀት ታሪክና ድንበሩ

በአንድ ሕንፃ ንድፍ ላይ መፈረም የሚችለው ማን እንደሆነ፣ ያለማንስ ፊርማ መሠረት እንደማይቆፈር ለዚህ መጽሔት አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። በሰው ገላ ላይ ስለሚሠራ ሥራ ግን ጉዳዩ ይህን ያህል ግልጽ ሆኖ አያውቅም። ሰውን የሚያስሮጥ፣ ክብደት የሚያስነሣ፣ ወገብ የሚያስጎነብስ አሠልጣኝ ዕውቀቱ በምን ይመዘናል? ጤነኛውን ከማሠልጠን አልፎ ሕመምተኛውን እንዲያንቀሳቅስስ ማን ይፈቅድለታል? ጥያቄው ከመቶ ዓመት በላይ ያከራከረ ነው። ዛሬ በልዩ ልዩ አገሮች የሚሠራባቸው የአሠልጣኝነት ደረጃዎችም የዚሁ ክርክር ውጤቶች ናቸው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የነገሩ መነሻ ስዊድን ናት። አገሪቱ በ1809 ፊንላንድን ለሩሲያ ከለቀቀች በኋላ የወጣቶቿና የወታደሮቿ ጥንካሬ መንግሥትን ያሳስበው ነበር። የሻሞላ ግጥሚያ መምህር የነበረው ፐር ሄንሪክ ሊንግ በ1813 በስቶክሆልም ንጉሣዊ ማዕከላዊ የጂምናስቲክ ተቋምን ሲያቋቁም ሐሳቡ ተቀባይ ያገኘውም ስለዚህ ነበር። ሊንግ የሰውነት እንቅስቃሴን በአራት ከፍሎታል፤ ይኸውም ለትምህርት፣ ለውትድርና፣ ለሕክምናና ለውበት የሚሆን ነው። ይህ ክፍፍል ተራ የመጽሐፍ ምዕራፍ አከፋፈል ሊመስል ይችላል። ነገር ግን አንድን እንቅስቃሴ ለወታደር ማስተማርና ለሕመምተኛ ማዘዝ ሁለት የተለያዩ ሙያዎች መሆናቸውን አስቀድሞ ያመለከተ ነበር። በ1864 ተቋሙ አዲስ ደንብ ሲወጣለት ትምህርቱ በውትድርና፣ በትምህርት ቤትና በሕክምና ዘርፍ ተለየ፤ ሴቶችም በዚያው ዓመት ገቡ።

ታዲያ ጠቡ የተነሣው በሦስተኛው ዘርፍ ነው። ከተቋሙ ወጥተው ሕመምተኛን በእንቅስቃሴ ከሚያክሙት ብዙዎቹ የጦር መኮንኖች ነበሩ። ሐኪሞቹ «ሻሞላ ያስተማረ ሰው የጠመመ አከርካሪ ለማቃናት ምን ሥልጣን አለው?» የሚል ተቃውሞ አነሡ፤ መኮንኖቹም የገላን እንቅስቃሴ ከሐኪም ይልቅ እኛ እናውቃለን የሚሉ ሆኑ። ከሁለቱም ወገን እውነት አልታጣም። በመጨረሻም በ1887 የስዊድን የጤና ባለሥልጣን በእንቅስቃሴ የሚያክሙትን ባለሙያዎች መመዝገብ ጀመረ። ዛሬ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች ታሪካቸውን ሲጽፉ ይህን ዓመት የሚጠቅሱት ያለ ምክንያት አይደለም። ከዚያ ወዲህ ሕመምተኛን የሚይዘውና ጤነኛን የሚያሠለጥነው ሰው መንገዳቸው ተለያየ።

የስዊድን ሰዎች ሥልጠና በእኛም አገር እንግዳ አይደለም። በ1946 ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን የክብር ዘበኛ ዕጩ መኮንኖችን አሠልጥኗል፤ በ1960 በሮም የማራቶን ድል የተቀዳጀው የአበበ ቢቂላ አሠልጣኝም እርሱ ነበር።

በእንግሊዝ ነገሩ የተጀመረው በጦር ሠራዊቱ ነው። ከክሪሚያ ጦርነት በኋላ የወታደሩ የአካል ድክመት መነጋገሪያ ሆኖ ስለነበር በ1860 ሻለቃ ፍሬደሪክ ሐመርስሌይና አሥራ ሁለት የበታች ሹማምንት ወደ ኦክስፎርድ ተላኩ። የተላኩትም በከተማዋ የጂምናስቲክ አዳራሽ ከፍቶ ወደሚያስተምረው ወደ አርችባልድ ማክላረን ነበር። ማክላረን ያደረገው ነገር መሐንዲስን ደስ የሚያሰኝ ነው፤ ሰዎቹን ከሥልጠናው በፊትና በኋላ በሚዛንና በሜትር ለካቸው። ክብደታቸውን፣ የደረታቸውን ዙሪያና የክንዳቸውን ውፍረት በሰንጠረዥ መዝግቦ በ1869 ባሳተመው መጽሐፍ አወጣው። ዕድሜያቸውና ቁመታቸው የተለያየ ስለነበር የእያንዳንዱም ለውጥ የተለያየ ሆነ፤ ስለዚህ ልምምዱ ለእያንዳንዱ ሰው አቅም መመጠን እንዳለበት ቁጥሩ ራሱ ተናገረ። አሥራ ሁለቱ ኋላ «አሥራ ሁለቱ ሐዋርያት» ተባሉ፤ ወደ ኦልደርሾት ሲመለሱም የጦር ሠራዊቱ የጂምናስቲክ አሠልጣኞች ክፍል መሠረት ሆኑ። እነርሱ ሌላውን ያሠለጥናሉ፤ የሠለጠነውም በክፍለ ጦሩ ያሉትን ያሠለጥናል። አሠልጣኝን የሚያሠለጥን አሠልጣኝ የሚለው ደረጃ እንዲህ ባለ መንገድ ሥር ሰደደ።

ከሠራዊቱ ውጭ ለሴቶች በሩን የከፈተችው በስቶክሆልሙ ተቋም የተማረችው ማርቲና በርግማን ኦስተርበርግ ናት። በ1885 በለንደን ሐምስቴድ የሴት አስተማሪዎች ኮሌጅ አቋቋመች፤ ኮሌጁም በ1895 ወደ ዳርትፎርድ ተዛወረ። በዚያው ዘመን፣ በ1894፣ አራት ሴቶች የሠለጠኑ ወጌሾች ማኅበርን መሠረቱ። ምክንያታቸው የተከበረ ብቻ ሳይሆን አስቸኳይም ነበር፤ በለንደን «ማሳጅ» የሚለው ስም ለሌላ ገበያ መሸፈኛ እየሆነ ስለመጣ ሙያውን ከሐሜት ለማዳን ፈተናና የምስክር ወረቀት አስፈለገ።

ሃያኛው መቶ ዓመት ሲጋመስ ጥያቄው በአሜሪካ ተነሣ፤ በዚያም መነሻው የልብ ሕመም ነበር። ቀድሞ አልጋ ይዞ እንዲቆይ ይታዘዝ የነበረው የልብ ሕመምተኛ እንዲራመድ፣ ቀጥሎም እንዲሮጥ መታዘዝ ጀመረ። በ1968 የአየር ኃይል ሐኪም የነበረው ኬኔት ኩፐር «ኤሮቢክስ» የተባለውን መጽሐፍ ሲያወጣ ደግሞ ጤነኛውም ጎዳናውን ሞላው። ልቡ የቆሰለን ሰው በሚሽከረከር ጠፍር ላይ የሚያስሮጥ ባለሙያ ቢሳሳት ስሕተቱ በደቂቃ ውስጥ ነፍስ ሊያጠፋ ይችላል። በ1954 የተመሠረተው የአሜሪካ የስፖርት ሕክምና ኮሌጅ በ1975 መመሪያ አሳትሞ የምስክር ወረቀት መስጠት የጀመረው በዚህ ምክንያት ነው። በነዚያ ዓመታት ለሕክምናው ዘርፍ የነበሩት ደረጃዎች ሥራን ከሥራ የሚለዩ ነበሩ። ቴክኖሎጂስቱ የልብ ምትና የደም ግፊት እየለካ ምርመራውን ያካሂዳል፤ ስፔሻሊስቱ ሕመምተኛውን ያንቀሳቅሳል፤ የፕሮግራሙ ኃላፊ ሁሉንም ያቅዳል፣ ይቆጣጠራልም።

ጤነኞችን የሚያሠለጥኑት ግን ለጊዜው ማንም ሳይጠይቃቸው ቀሩ። በ1982 የጄን ፎንዳ የቪዲዮ ካሴት ከወጣ በኋላ የኤሮቢክስ ክፍሎች በየከተማው ሲከፈቱ ብዙዎቹ መምህራን ከጥሩ ጭፈራና ከጥሩ ቁመና በቀር ሌላ ማስረጃ አልነበራቸውም። በ1985 የታተመ አንድ ጥናት ከተማሪዎቹ 43 ከመቶ ያህሉ፣ ከመምህራኑ ደግሞ ከአራት ሦስቱ ያህል ጉዳት እንደደረሰባቸው አሳየ። ብዙ ጊዜ የሚጎዳው ቅልጥም ነው። ከምክንያቶቹ መካከል ድግግሞሹ፣ ጫማውና ወለሉ ይገኙባቸዋል። በኮንክሪት ላይ ምንጣፍ ቢነጠፍ ወለሉ አይለጠጥም፤ የዘለለውን ጉልበት መልሶ ለአጥንት ይሰጣል። ይህን ለማወቅ የሕክምና ትምህርት የሚያስፈልግ አይመስልም፤ ነገር ግን የሚጠይቅ አልነበረም። ለኤሮቢክስ መምህራን የሚሆን ፈተና የተዘጋጀው በዚያው ዐሥር ዓመት አጋማሽ ላይ ነው።

በአሜሪካ ዛሬም ለግል አሠልጣኝ ፈቃድ የሚሰጠው መንግሥት አይደለም፤ ፈተናውን የሚያዘጋጁት ድርጅቶች እርስ በርሳቸው ይወዳደራሉ። ስለዚህ አንዱ የምስክር ወረቀት የወራት ጥናት ሲጠይቅ ሌላው በቅዳሜና እሑድ ይገኛል። ደንበኛው ግን ሁለቱን ግድግዳ ላይ ተሰቅለው ሲያይ አይለያቸውም። ልዩ የሆነችው ሉዊዚያና ናት፤ በ1995 በሕክምና በኩል የሚሠሩ የእንቅስቃሴ ፊዚዮሎጂ ባለሙያዎች የመንግሥት ፈቃድ እንዲኖራቸው ደነገገች።

እንግሊዞች በደረጃ መቁጠርን መርጠዋል። በ2002 የተከፈተው የባለሙያዎች መዝገብ፣ ኋላ ሥራው ንጉሣዊ ቻርተር ላለው ማኅበር ቢተላለፍም፣ ያስለመደው አቆጣጠር ቀርቷል። ደረጃ 2 ያለው አሠልጣኝ ጤነኛ ሰውን በጂምናዚየም ውስጥ መሣሪያ ያስለምዳል፣ ወይም በሙዚቃ የሚሠራ ቡድን ይመራል። ደረጃ 3 ያለው ለአንድ ሰው ብቻ የታቀደ፣ እያደገ የሚሄድ ፕሮግራም ያወጣል፤ ተጨማሪ ትምህርት ካለው ሐኪም የላከለትን፣ አደጋው ከፍተኛ ያልሆነ ሕመምተኛም ይቀበላል። ልብ ድካምን፣ ከአንጎል ደም መፍሰስ ያገገመን፣ የወገብ ሕመም የጸናበትን ሰው የሚይዘው ደረጃ 4 ነው። እርሱም ቢሆን በሽታውን አይሰይምም፣ መድኃኒትም አይለውጥም።

የደረጃዎቹ ሁሉ መግቢያ የሆነው ወረቀት ግን እንግሊዛዊም አሜሪካዊም አይደለም። በ1970ዎቹ በካናዳ በብሪቲሽ ኮሎምቢያ የተዘጋጀ መጠይቅ ነው። ሰባት ጥያቄዎች አሉት፤ ደረት ይወጋል ወይ፣ ራስ ያዞራል ወይ፣ የመገጣጠሚያ ችግር አለ ወይ የሚሉ ናቸው። ለአንዱ እንኳ «አዎን» የሚል መልስ ከተሰጠ፣ ዝቅተኛው አሠልጣኝ ሊያደርግ የሚገባው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ደንበኛውን ክብደቱን ሳያስነሣ ወደ ሐኪም ይልከዋል።