«ክፍት ኅትመት» እንበል

«ክፍት መዳረሻ» የሚል ስያሜ ከአንዱ ጽሑፍ ወደ ሌላው እየተቀዳ ነው። የምሁራንን ጥናት ማንም ሰው ሳይከፍል በኢንተርኔት እንዲያገኘው የሚያደርገውን አሠራር ለመሰየም ነው አሉ። ስያሜው የእንግሊዝኛውን «ኦፕን አክሰስ» ሁለት ቃላት በየተራ የተካ ነው፤ አማርኛውን ግን ያደመጠው የለም።

መዳረሻ አንድም ጉዞ የሚያበቃበት ቦታ ነው፤ ላሊበላ የቱሪስት መዳረሻ ናት እንላለን። አንድም የጊዜ መቃረቢያ ነው፤ ለፋሲካ መዳረሻ በግ ይወደዳል እንላለን። ክፍት ደግሞ «ክፍት የሥራ ቦታ» ሲባል እንደምንሰማው ሰው ያልያዘውንም ያመለክታል። ሁለቱ ቢገጣጠሙ ጥናትም ንባብም አይወጣቸውም።

«ክፍት ተደራሽነት» የሚሉም አሉ። ይህ የሪፖርት ቋንቋ ነው፤ «የጤና አገልግሎት ተደራሽነት» ሲባል የሚለካው አገልግሎቱ እስከ የት እንደ ደረሰ ነው። ስለ ምን ዓይነት ሥራ እንደሚናገርም አይታወቅም። «ነጻ ኅትመት» ይሻላል፤ ነገር ግን «ነጻ ፕሬስ»ን የለመደ ጆሮ ሳንሱር ያልነካው ጋዜጣ ይመስለዋል። «ክፍት ንባብ» ደግሞ ይጠባል፤ ስለዚሁ አሠራር የወጣው የ2002ቱ (እ.ኤ.አ.) የቡዳፔስት መግለጫ ከማንበብ ሌላ ማውረድን፣ መቅዳትንና ማሰራጨትንም ይፈቅዳልና።

የእኔ ምርጫ «ክፍት ኅትመት» ነው። ግእዝ አዋቂ እንደሚሞግተኝ አውቃለሁ። ኅትመት የመጣው «ኀተመ» ከሚለው ግሥ ነው፤ አሸገ ማለት ነው፤ ማኅተምም ከዚያው ይወለዳል። የታሸገ እንዴት ክፍት ይሆናል? ቃሉ ከማሸግ ወደ ማሳተም ከተሻገረ ቆይቷል። ሥሩን ለሚያስታውስም ቢሆን ስያሜው ልክ ነው፤ ታሽጎ የኖረው ተከፈተ ይላልና። ሥሩን ለማያውቅ ደግሞ ሳይከፍሉ የሚከፍቱት ኅትመት ነው።

በፍልስፍና ዓለም እንፈትነው። «ፊሎሶፈርስ ኢምፕሪንት» በ2001 (እ.ኤ.አ.) በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የተጀመረ ክፍት ኅትመት ነው። በ2024 (እ.ኤ.አ.) የ«ፊሎሶፊ ኤንድ ፐብሊክ አፌርስ» መጽሔት አዘጋጆች ከአሳታሚያቸው ከዋይሊ ተለይተው «ፍሪ ኤንድ ኢኳል» የተባለ ክፍት ኅትመት መሠረቱ። በሁለቱ ዓረፍተ ነገሮች ውስጥ «ክፍት መዳረሻ» ተክታችሁ አንብቡ፤ ፈላስፎቹ ሆቴል የከፈቱ ይመስላል።

የአማርኛ ድህነት ነው የሚለውን ሰበብ አልቀበልም። መጽሐፈ ፈላስፋ በ16ኛው መቶ ዘመን ከዓረብኛ ወደ ግእዝ ሲመለስ ተርጓሚው የጥበቡን ቃል በአገሩ አንደበት አናግሮታል እንጂ ቃል በቃል አልገለበጠውም። ይህን ቅርስ የያዘ ሕዝብ ለአንድ የኅትመት አሠራር ስም አያጣም።

ስለዚህ ተርጓሚዎች፣ መምህራንና የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች ሆይ፣ ቃሉ በየመመሪያው ሳይደርቅ ዛሬውኑ አርሙት። ጥናቱ ከተከፈተ ስሙም ለአንባቢው ይከፈት።