ካሜራ ለምን እንይዛለን?

ፎቶ የማንሳት ፍቅር ከየት ይመጣል? ብዙዎች «ከትርፍ ጊዜ» ይላሉ። እኔ ግን «እንዳይረሳ» ከሚል ስጋት ይመስለኛል።

የጅቡቲውን ባቡር ከጠነሰሱት አንዱ የሆነው ስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ኢልግ በ1879 (እ.ኤ.አ.) ምኒልክ ዘንድ የመጣው በመሐንዲስነት ነው። ፎቶ ማንሳት ሙያው አልነበረም፤ ዛሬ ግን ምስሎቹ ዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ሙዚየም ተቀምጠው ዘመኑን ይመሰክራሉ። አርመኖቹ ቦያጂያኖች ደግሞ ፎቶን እንጀራቸው አድርገው ለቤተ መንግሥት ሠርተዋል።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፦ ባለሙያው የታዘዘውን ያነሳል፤ አማተሩ የወደደውን። የአቦምሳን ገበያ፣ የአያቶቻችንን ፊት አንሱልኝ ብሎ የሚከፍል ቤተ መንግሥት የለም። ስለዚህ ሥራው የእኛ ነው፤ ስልካችንም ይበቃል። ብቻ ስምና ቀን እንጻፍበት። ያለዚያ የልጅ ልጆቻችን «ይሄ ማነው?» ብለው ይጥሉታል።