የፈረስ አጥንት ጥገና ታሪክ፦ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ያለው ፈተና

የፈረስን አጥንት በቀዶ ሕክምና የመጠገን ታሪክ፣ ከቀዶ ሕክምናው ይልቅ ከእርሱ በኋላ የሚመጡት ሰዓታትና ሳምንታት ታሪክ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም። ክሎድ ቡርዥላ እ.ኤ.አ. በ1761 በፈረንሳይ ሊዮን የመሠረተው ትምህርት ቤት ዘመናዊውን የእንስሳት ሕክምና ቢያስጀምርም፣ እግሩ ክፉኛ የተሰበረ ፈረስ ግን ከዚያም በኋላ ለብዙ ትውልድ ከሥቃዩ እንዲገላገል በአብዛኛው ይገደል ነበር። ምክንያቱ የባለቤቱ ጭካኔ ሳይሆን የእንስሳው አፈጣጠር ነው፤ የታችኛው የፈረስ እግር ጡንቻ አልባ ሆኖ በጅማትና በቆዳ ብቻ የተሸፈነ በመሆኑ፣ የተሰበረው አጥንት በቀላሉ ቆዳውን ቀዶ ይወጣል፣ ቁስሉም ያመረቅዛል። ከሁሉም በላይ፣ ግማሽ ቶን ገደማ የሚመዝነው ይህ እንስሳ እንደ ሰው ለወራት ተኝቶ ማገገም ስለማይችል፣ የተጠገነው አጥንት ወዲያውኑ ክብደት መሸከም ይኖርበታል።

እ.ኤ.አ. በ1958 የስዊዘርላንድ ሐኪሞች የሰውን ስብራት በብረት ሳህንና በብሎን አጥብቆ ለማሰር የጀመሩት ጥናት፣ ሕመምተኛው ቶሎ እንዲንቀሳቀስ ያለመ ስለነበር፣ ለፈረስ ይበልጥ የሚያስፈልግ ሆኖ ተገኘ። ትውልደ ስዊዘርላንዳዊው ዣክ ጄኒም በአሜሪካ ፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ ለፈረስ አጥንት ጥገና ሙያ ፈር ከቀደዱት አንዱ ነበር።

ሆኖም አጥንትን ማሰር ብቻውን እንደማይበቃ የእሽቅድምድም ፈረሷ የራፊያን ሞት በግልጽ አሳየ። ይህች ተሸንፋ የማታውቅ የሦስት ዓመት ባዝራ፣ ሐምሌ 6 ቀን 1975 እ.ኤ.አ. በኒውዮርኩ የቤልሞንት ፓርክ ሜዳ ፉሊሽ ፕሌዠር ከተባለ ፈረስ ጋር ስትሽቀዳደም፣ ከቀኝ የፊት ኮቴዋ በላይ ባለው መገጣጠሚያ ጀርባ የሚገኙት ትናንሽ አጥንቶች ተሰበሩ። ሐኪሞቹ ሌሊቱን ቀዶ ሕክምና አድርገው እግሯን በጀሶ ቢያስሩትም፣ ከማደንዘዣው ስትነቃ ገና የምትሮጥ ያህል እየተወራጨች ጀሶውን ሰባበረች፤ ጉዳቱም ስለከፋ እንድትሞት ተደረገ። ፈረስ አደጋ ሲሰማው መሸሽን እንጂ ጸጥ ብሎ መተኛትን አያውቅምና፣ ችግሩ በብሎን ብዛት የሚፈታ አልነበረም። የፔንሲልቬኒያው ኒው ቦልተን ማዕከል የሚጠቀምበት የመንቂያ ገንዳ መልስ የሚሰጠው ለዚህ ነው፤ ፈረሱ በውሃ ላይ በሚንሳፈፍ ጀልባ መሰል መደገፊያ ተይዞ ስለሚነቃ፣ ቢወራጭም እግሩ ከጠንካራ ነገር ጋር አይጋጭም።

በዚሁ ማዕከል ቀዶ ሐኪሙ ዲን ሪቻርድሰን እ.ኤ.አ. በግንቦት 2006 ባርባሮ የተባለውን ፈረስ የተሰበረ የኋላ ቀኝ እግር በብረት ሳህንና በ27 ብሎኖች ጠገነ፤ ፈረሱም ከገንዳው በሰላም ወጣ። ነገር ግን ክብደቱ በጤነኛው የኋላ እግር ላይ በማረፉ፣ በኮቴው ውስጥ ያለውን አጥንት ከኮቴው ግድግዳ ጋር የሚያያይዘው ሕብረ ሕዋስ ተቆጥቶ ይላቀቅ ጀመር። በኋላም ሕመሙ ወደ ፊት እግሮቹ ስለተዛመተ፣ እ.ኤ.አ. በጥር 2007 እንዲሞት ተወሰነ።

የእነዚህ ዝነኞች ስም ቢገንንም፣ ለብዙ ፈረሶች የተረፈው ይበልጥ ያልተወራለት ሙያ ነው። የእንስሳት ሐኪሙ ዌይን ማክልሬይዝና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ያስፋፉት የመገጣጠሚያ ምርመራና ቀዶ ሕክምና፣ በጠባብ ቀዳዳ ቀጭን መመልከቻ በማስገባት የአጥንት ስባሪንና በዕድገት ጊዜ በትክክል ያልጠነከረ ልም አጥንትን ያወጣል፤ መገጣጠሚያው በሰፊው ስለማይከፈትም ፈረሱ ከቀዶ ሕክምናው እንደነቃ በራሱ እግር ይቆማል።